የተመላላሽ ባቡርን የማንቀሳቀስ መብት የማን ነው? የሐዲዱ ባለቤት፣ ድጎማ ከፋዩ ወይስ ጨረታ ያሸነፈው?

ሐዲድ_ተከታይ

ሰላም ለሁላችሁም። ብዙ ጊዜ በሌሎች ርዕሶች መሀል እየተነሳ ሳይቋጭ የሚቀር ጥያቄ ስላለ ራሱን የቻለ ክር ልክፈትለት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከዳርቻና ከአጎራባች ከተሞች ሠራተኛና ተማሪ ይዞ ጠዋት የሚገባ፣ ማታ የሚመልስ ባቡር በየትም አገር ጠባዩ አንድ ነው። ጠዋትና ማታ በጥድፊያው ሰዓት ይጨናነቃል፣ በቀረው ጊዜ ወንበሩ ባዶ ይሄዳል። ለጥድፊያው የተገዛው ፉርጎና የተቀጠረው አሽከርካሪ እኩለ ቀን ላይ ሥራ ይፈታል። በዚህ ምክንያት በአብዛኛው ቦታ የቲኬት ገቢ ብቻውን ወጪውን አይሸፍንም፤ ጉድለቱን የሚሞላ የሕዝብ ካዝና አለ።

አቋሜ ከዚህ ይነሳል። ጉድለቱን የሚሸፍነውና ተሳፋሪው ሊጠይቀው የሚችለው የአካባቢው የትራንስፖርት ባለሥልጣን የመብቱ ባለቤት መሆን አለበት። ኩባንያ መቅጠር ይችላል። ኩባንያው ግን የተሰጠው ሥራ ነው፤ መብቱ ከባለሥልጣኑ እጅ መውጣት የለበትም።

የስቶክሆልምን ተመላላሽ ባቡር ተመልከቱ። በታኅሣሥ 2016 ኤምቲአር የተባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ አገልግሎቱን በጨረታ ተረከበ። የአሽከርካሪ እጥረትና የሚሰረዙ ጉዞዎች ተሳፋሪውን አስመረሩት። በ2023 ውሉ ከጊዜው በፊት እንዲያበቃ ተወሰነ፤ በመጋቢት 2024 የመንግሥቱ የባቡር ኩባንያ ኤስጄ ተተካ። በማግስቱ ባቡሮቹ ያው ባቡሮች፣ ቲኬቱም ያው ቲኬት ነበር። ክልሉ ፉርጎውንና የቲኬቱን ሥርዓት ባይዝ ኖሮ ኩባንያውን እንዲህ ማሰናበት ይችል ነበር?

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

የውል_ጉዳይ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን «መብት» ያሉት አንድ ነገር አይደለም። ሦስት ነገሮች ተደበላልቀዋል።

አንደኛው ባቡር ለመንዳት ብቁ ነህ የሚያሰኘው ፈቃድና የደኅንነት ምስክር ወረቀት ነው። ይህን መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ሊያገኝ ይችላል። ሁለተኛው በተወሰነ ሐዲድ ላይ፣ በተወሰነ ሰዓት የማለፍ መብት ነው። ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ጎን ለጎን ስለማይሄድ ይህ ሁልጊዜ እጥረት ያለበት ነገር ነው። ሦስተኛው ከመንግሥት ጋር የተፈረመ የሕዝብ አገልግሎት ውል ነው፤ ድጎማ የሚያስገኘው፣ ብዙ ጊዜም ብቸኛ አገልጋይ የሚያደርገው እሱ ነው። አንድ ኩባንያ አንደኛውን ይዞ ሁለተኛውን ሊያጣ ይችላል። ሦስተኛውን ፈርሞ ሁለተኛው ላይ ተቀርቅሮ የሚቀርም አለ።

የጃፓን የባቡር ሥራ ሕግ ይህን በግልጽ ለይቶ አስቀምጦታል። አንደኛው ምድብ የራሱን ሐዲድ ይዞ በራሱ ባቡር የሚያገለግል ነው። ሁለተኛው ምድብ በሌላ ሰው ሐዲድ ላይ ባቡር የሚያንቀሳቅስ ነው። ሦስተኛው ሐዲድ ሠርቶ ለሌላ የሚያከራይ ነው። ማን ምን እንደያዘ ከምዝገባው ይታወቃል። ክርክር ሲነሳ ከዜሮ አይጀመርም።

በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ዋናው ሰነድ ቁጥር 1370/2007 የተባለው ደንብ ነው። መንግሥት ድጎማ ወይም ብቸኛ መብት ከሰጠ በውል መስጠት አለበት፤ ውሉም የጊዜ ገደብ አለው። ቀደም ሲል የባቡር አገልግሎትን ያለ ጨረታ በቀጥታ መስጠት በሰፊው ይፈቀድ ነበር። ከታኅሣሥ 2023 በኋላ ግን ጨረታ መደበኛው መንገድ ሆኖ ቀጥታ መስጠት በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ ተወስኗል። ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱ ባለሥልጣኑ የራሱ ኩባንያ አቋቁሞ ሥራውን ለእሱ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ «መብቱ የባለሥልጣኑ ነው» የሚለው አቋምዎ እዚያ በሕግ የታወቀ ነው፤ የሚያከራክረው አሰጣጡ ነው።

---

ፉርጎ_ሰባት

እኔ ከሁለታችሁም እለያለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት መብቱን ጠቅልሎ ከያዘ ተሳፋሪው የመሥሪያ ቤቱ እስረኛ ይሆናል። አቅም ያለው ኩባንያ የራሱን ባቡር አምጥቶ፣ የሐዲድ ኪራይ ከፍሎ፣ ያለ ድጎማ ላገልግል ቢል የሚከለከለው ለምንድን ነው? ድጎማ አልጠየቀም፤ ቢከስር የሚከስረው እሱ ነው።

ደግሞም ታሪኩን አንርሳ። የባቡር መስመሮችን መጀመሪያ የዘረጉት በብዙ አገር የግል ኩባንያዎች ናቸው። በኦሳካ አካባቢ ኮባያሺ ኢቺዞ የሃንኪዩን መስመር ከ1910 ጀምሮ ሲያሳድግ ከሐዲዱ ጎን መኖሪያ ቤቶች እየሠራ ሸጠ፤ በኋላም ተርሚናሉ ላይ የዕቃ መደብር ከፈተ። ባቡሩ ለቤቱ ገዢ አመጣ፣ ቤቱ ለባቡሩ ተሳፋሪ አመጣ። ይህን ያደረገው የባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አልነበረም። ዛሬም በጃፓን ትላልቅ ከተሞች ተመላላሹን የሚያጓጉዙት የግል ኩባንያዎች ለዕለት ሥራቸው የመንግሥትን እጅ ብዙም አይጠብቁም።

---

ሐዲድ_ተከታይ

መልስ ለፉርጎ_ሰባት፦

የሃንኪዩ ምሳሌ ትልቅ ምሳሌ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ያ ሰው መሬቱንም፣ ሐዲዱንም፣ ባቡሩንም፣ መደብሩንም አንድ ላይ ይዞ ነው የሠራው። መሬት አስቀድሞ በተያዘበትና ሐዲዱ የሌላ በሆነበት ቦታ ይህን መድገም አይቻልም። በዚያው በጃፓን ሌላውን ገጽ ደግሞ ይዩት። ከ2000 ወዲህ አንድ ኩባንያ የማያዋጣውን መስመር ለመዝጋት ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅበትም፤ ከአንድ ዓመት በፊት ማሳወቅ ይበቃዋል። መብቱ የኩባንያው ሲሆን የመተው መብቱም የኩባንያው ነው። ገጠራማ መስመሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል።

«ያለ ድጎማ ላገልግል» ስላሉትም፣ ጥያቄው ባቡሩ የሚሮጠው በየትኛው ሰዓትና በየትኛው መስመር ላይ ነው የሚል ነው። ገብቶ የሚወዳደር ኩባንያ ሞልቶ የሚሄደውን ጉዞ ይመርጣል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ የሆስፒታል ተረኞችን የሚመልሰውን ባቡር የሚመርጥ የለም። የሞላው ጉዞ ገቢ ሲወሰድ ባዶው ጉዞ ተጨማሪ ድጎማ ይፈልጋል፤ ያንን ደግሞ ግብር ከፋዩ ይከፍላል። ስለዚህ «ቢከስር የሚከስረው እሱ ነው» የሚለው እውነት የሚሆነው ለኩባንያው ብቻ ነው። ቢያተርፍ ደግሞ የትርፉ አንድ ክፍል ከሕዝብ ካዝና የወጣ ነው።

---

የውል_ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች አስበውበታል። በብሪታንያ አዲስ ኩባንያ ያለ መንግሥት ውል በራሱ ልግባ ሲል የባቡርና የመንገድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ አዲስ ተሳፋሪ ታመጣለህ ወይስ የነበረውን ትወስዳለህ? ከነባሩ ከሚወስደው ከእያንዳንዱ 1 ፓውንድ ገቢ አንጻር ቢያንስ 30 ሳንቲም ያህል አዲስ ገቢ ማምጣቱ እንደ መነሻ መለኪያ ይታያል። በአውሮፓ ኅብረትም የአገር ውስጡ የመንገደኛ ገበያ ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ እንዲህ በራሳቸው ለሚገቡ ኩባንያዎች ተከፍቷል፤ ሆኖም የሕዝብ አገልግሎት ውሉን ሚዛን የሚያናጋ ከሆነ ተቆጣጣሪው ሊገድብ ይችላል።

በተግባር እነዚህ ኩባንያዎች የሚሄዱት ወደ ረጅሙ፣ ከተማ ለከተማ ወደሚያገናኘው መስመር ነው። በተመላላሽ መስመር ላይ እምብዛም አይታዩም። ያ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል።

---

የጣቢያ_ባልደረባ

ባቡር ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ስለ መብት ስታወሩ ባቡሩን የሚነዳውን ሰው ማንም አላነሳውም።

የአሽከርካሪ ሥልጠና ወራት ይፈጃል። ሥልጠናው ካለቀ በኋላም እያንዳንዱን መስመር ለብቻው መማር አለበት፤ ምልክቱ የት እንዳለ፣ ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር፣ ጣቢያው ላይ የት መቆም እንዳለበት። አዲሱ ኩባንያ ጨረታ ሲያሸንፍ በወረቀቱ ላይ ርካሽ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከሰው ቁጥር ላይ ቀንሶ ነው። በስቶክሆልም ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ2000 መጀመሪያ ላይ ሲቲፔንደልን የተባለ ኩባንያ ሥራውን ሲረከብ አሽከርካሪ አጥሮት ብዙ ጉዞ ተሰርዟል። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ያው ችግር ተመለሰ። ውል የሚጽፉት ሰዎች የሠራተኛውን ጉዳይ እንደ ትርፍ ነገር እስካዩት ድረስ ወደፊትም ይመለሳል።

እኔ የምሠራበት ቦታ ኦፕሬተር ሲቀየር አይቻለሁ። ካፖርታችን ላይ ያለው አርማ ተቀየረ፣ አለቃው ተቀየረ፣ የፈረቃ ሰሌዳው ግን ለረጅም ጊዜ ማንም የማይረዳው ሆኖ ቆየ። ጡረታችን ምን እንደሚሆን የነገረን ሰው አልነበረም። ተሳፋሪው በእኛ ላይ ይጮህ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሌላ የሚጮህበት ሰው አላገኘም።

ስለዚህ መብቱ የማን ይሁን ብትሉኝ፣ ሠራተኛው ከነሙሉ መብቱ ወደ ተረካቢው እንዲሻገር በውሉ የሚያስገድድ አካል ይያዘው። ያ አካል የከተማ አስተዳደር ይሁን ክልል ለእኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

---

የማለዳ_ተሳፋሪ

የጣቢያ_ባልደረባ፣ ስለጻፉት አመሰግናለሁ። እኔ በተሳፋሪ በኩል አንድ ነገር ልጨምር።

ተሳፋሪ የሚፈልገው አንድ ቲኬት፣ አንድ የጊዜ ሰሌዳ፣ ሲበላሽ የሚጠየቅ አንድ ቦታ ነው። ኩባንያው አንድ ይሁን አምስት አይጨነቅም። ሐምቡርግ ይህን በ1965 ፈታችው፤ የተለያዩ የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅቶች ተሰባስበው በአንድ ማኅበር ሥር አንድ ታሪፍ አወጡ። የዚያ ዓይነት ማኅበር በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ዙሪክም በ1990 ኤስ-ባን የተባለውን የተመላላሽ ባቡር አገልግሎቷን ስትጀምር የካንቶኑ (የክልሉ) የትራንስፖርት ማኅበር አብሮ ተወለደ፤ ባቡሩን በዋናነት የሚነዳው የፌዴራሉ የባቡር ድርጅት ነው፣ ምን ያህል አገልግሎት እንደሚሰጥ የሚያዘውና ታሪፉን የሚያወጣው ግን ማኅበሩ ነው። ሰው ባቡርና ትራም ሲቀይር ቲኬት አይቀይርም።

ስለዚህ እኔ የምፈራው መብቱ ወደ ግል መሄዱን ብቻ አይደለም፤ መበጣጠሱንም ነው።

---

ፉርጎ_ሰባት

የማለዳ_ተሳፋሪ ያሉትን እቀበላለሁ፤ አንድ ቲኬት ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ ቲኬት ለማግኘት መንግሥት ሁሉን መያዝ የለበትም፤ ሐምቡርግ ራሷ በተለያዩ ድርጅቶች ነው የሠራችው።

ለሐዲድ_ተከታይም ጥያቄ አለኝ። ባለሥልጣኑ ራሱ ቢደክምስ? በደቡብ አፍሪካ የመንግሥቱ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት ፕራሳ ሜትሮሬል የተባለውን የተመላላሽ ባቡር አገልግሎት ይዞ ሳለ ሐዲድና የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርፎ መስመሮች ተዘግተዋል። መብቱ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነበር። በአንጻሩ እዚያው አገር ጋውትሬን የተባለው ባቡር በ2010 ሥራ ሲጀምር የሚያንቀሳቅሰው ቦምቤላ የተባለ፣ በኮንሴሽን (ለተወሰነ ዘመን በተሰጠ የማንቀሳቀስ ውል) የሚሠራ ኩባንያ ነበር፤ ንጽሕናውና ሰዓት አክባሪነቱ የተመሰገነ ነው።

---

ሐዲድ_ተከታይ

ፉርጎ_ሰባት፣ ይህ በክሩ ውስጥ እስካሁን የተነሳው ጠንካራው ተቃውሞ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስ።

ሁለቱን ስናወዳድር መብቱ በማን እጅ እንደነበረ በደንብ ማየት አለብን። ጋውትሬን የጋውቴንግ አውራጃ ፕሮጀክት ነው። መብቱ የአውራጃው ነው፤ ቦምቤላ ለተወሰነ ዘመን ተቀጥሮ ነው የሠራው። የተሳፋሪው ቁጥር ከታሰበው ሲያንስም አውራጃው በውሉ መሠረት ለኩባንያው ይከፍል ነበር። ስለዚህ የገበያው ሥጋት በዋናነት የወደቀው በሕዝብ ገንዘብ ላይ ነው። አገልግሎቱ ጥሩ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ጥሩ የሆነው በደንብ የተከፈለበትና በቅርብ የሚከታተለው አካል የነበረው ስለሆነ ይመስለኛል።

ፕራሳ ደግሞ የማዕከላዊ መንግሥት ነው። የኬፕ ታውን ከተማ አስተዳደር ለዓመታት የሚጠይቀው ባቡሩ ለእኔ ይሰጠኝ ብሎ ነው፤ በ2022 የወጣው ብሔራዊ የባቡር ፖሊሲም ሥልጣኑን ወደ ታች የማውረድን ሐሳብ ተቀብሏል። ከእኔ አቋም ጋር የሚጋጭ አይደለም። እኔ «መንግሥት» አላልኩም፤ የአካባቢው ባለሥልጣን ነው ያልኩት። ባቡሩ ሲቀር የኬፕ ታውን ሠራተኛ በምርጫ ሊቀጣው የሚችለው ሰው ቅርብ መሆን አለበት። ሥልጣን ሲወርድ ገንዘቡም አብሮ መውረድ አለበት፤ ያለ ገንዘብ የወረደ ሥልጣን ጭነት ነው።

ጀርመን ይህን በ1996 ያደረገችው ገንዘቡን አስከትላ ነው። የአካባቢ ባቡር ኃላፊነት ወደ ክልሎች ሲተላለፍ ከፌዴራሉ መንግሥት በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ በሕግ ተመደበላቸው። ቀድሞ ተዘግተው የነበሩ አንዳንድ መስመሮችም ከዚያ ወዲህ ተመልሰው ተከፍተዋል።

---

የውል_ጉዳይ

በጀርመን ላይ ሌላኛውን ገጽ ልጨምር፤ ለዚህ ክር ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። በኖርድራይን-ቬስትፋለን ክልል አቤሊዮ የተባለው ኩባንያ በርካታ መስመሮችን በጨረታ ይዞ ነበር። ለረጅም ዓመታት በተቆረጠ ዋጋ ፈርሞ ሳለ የሠራተኛ ወጪና በሐዲድ ግንባታ ምክንያት የሚመጡ መዘግየቶች ከበዱት። በ2021 የኪሳራ ሥርዓት ጠየቀ፤ በ2022 መጀመሪያ ሥራው በአስቸኳይ ውል ለሌሎች ተሰጠ። በአውስትራሊያዋ ሜልበርንም ናሽናል ኤክስፕረስ የተባለው ኩባንያ በ2002 መጨረሻ ውሉን ጥሎ ወጥቷል።

ከዚህ የምረዳው በጣም ርካሹን ዋጋ ያቀረበ ሰው ሲያሸንፍ ባለሥልጣኑ ያተረፈ ይመስለዋል። ኩባንያው ግን ሲመረው መውጣት ይችላል። ተሳፋሪው አይችልም።

---

ደረቅ_መንገድ

ክሩን ከጀርባ ሆኜ ሳነብ ነበር። ስለ ሐዲድ ባለቤትነት የተባለው ትንሽ ነው፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል።

ቺካጎን እዩ። ሜትራ የአካባቢው ተመላላሽ ባቡር ባለሥልጣን ነው፤ ድጎማውን የሚከፍለው እሱ፣ ተሳፋሪው የሚያውቀው የእሱን ስም ነው። ከመስመሮቹ ሦስቱ ግን የዩኒየን ፓሲፊክ ናቸው፤ የጭነት ባቡር ኩባንያ ነው። ለዘመናት የኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው ለሜትራ በክፍያ ያንቀሳቅሱ ነበር። ከዚያ ኩባንያው ይህ ሥራዬ አይደለም፣ ልተወው ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። የባለሥልጣኑ ወገን ደግሞ የማጓጓዝ ግዴታ አለብህ ብሎ ተከራከረ። በ2025 ሥራውና ሠራተኛው ወደ ሜትራ ሲዛወር በሐዲዱ ለመጠቀም ምን ያህል ይከፈል የሚለው ጠብ ወደ ፌዴራሉ የምድር ትራንስፖርት ቦርድ ሄደ።

አስቡት። ባለሥልጣኑ ገንዘብ አለው፣ ሕግ አቋቁሞታል፣ ባቡር አለው። ሐዲዱ የሌላ ስለሆነ ብቻ በየቀኑ የሚሳፈረው ሰው ዕጣ በሁለት ወገን ጠበቆች መሀል ይንጠለጠላል። ሐዲድ የሌለው ባለሥልጣን ቁልፉን ሌላ ሰው በያዘው ቤት እንደሚኖር ተከራይ ነው።

ሐዲዱንና ባቡሩን መለየትም ራሱ ችግር አለው። በግንቦት 2018 በእንግሊዝ የጊዜ ሰሌዳ ሲቀየር በሰሜኑና በለንደን ዙሪያ አገልግሎቱ ተበታተነ። ምርመራው ያገኘው ሐዲዱን የሚያስተዳድረው፣ ባቡሩን የሚነዱት ኩባንያዎችና ሚኒስቴሩ እያሉ ሁሉንም በኃላፊነት የመራ አካል እንዳልነበረ ነው።

---

ሐዲድ_ተከታይ

ደረቅ_መንገድ፣ የቺካጎው ነጥብ ልክ ነው። የማለፍ መብት በሕግ ካልተረጋገጠ የአገልግሎቱ መብት ወረቀት ላይ ይቀራል።

እንግሊዝን ካነሱ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች የሚያልፉት ነው። በ1993ቱ ሕግ የባቡር አገልግሎቱ ለኩባንያዎች በፍራንቻይዝ (በጊዜ በተገደበ የማንቀሳቀስ ውል) ሲከፋፈል ባቡሮቹ ራሳቸው ለሦስት አከራይ ኩባንያዎች ተሰጡ። በ2024 የወጣው ሕግ አገልግሎቱን ወደ ሕዝብ ይመልሳል፤ ሳውዝ ዌስተርን የተባለው የባቡር አገልግሎት በግንቦት 2025 በዚህ ሕግ የመጀመሪያው ሆኖ ተመለሰ። አከራዮቹ ግን ባሉበት ናቸው። የማንቀሳቀስ መብቱ ተመለሰ፣ ለፉርጎው ኪራይ መክፈሉ ቀጠለ። የሊቨርፑል አካባቢ በተቃራኒው ሄደ፦ የአካባቢው ተመላላሽ ባቡር መርሲሬል በ2003 ለ25 ዓመት ለኩባንያ የተሰጠ ኮንሴሽን ነው፣ አዲሶቹን ባቡሮች ግን አካባቢው ራሱ ገዝቶ ይዟቸዋል። ከሁለቱ የቱ ነው በሚቀጥለው ድርድር ላይ ጠንክሮ የሚቀመጠው? እኔ በመርሲሬል ቦታ መቀመጥን እመርጣለሁ።

---

የጣቢያ_ባልደረባ

ዴፖውንም ጨምሩበት። ባቡሩ የእናንተ ሆኖ የሚጠገንበት ቦታ የኩባንያው ከሆነ በውሉ ማብቂያ ላይ ቁልፉን አንሰጥም ሊሏችሁ ይችላሉ። የመለዋወጫ ክምችቱንና የጥገና መዝገቡንም እንዲሁ። የትኛው መንኮራኩር መቼ ተመረመረ የሚለውን የሚያውቀው የድሮው ኩባንያ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ተረካቢው ባቡሩን በድፍረት ማሰማራት አይችልም።

---

ፉርጎ_ሰባት

እሺ፤ ሐዲድ፣ ባቡር፣ ዴፖ፣ መዝገብ፣ ታሪፍ፣ ሁሉንም ባለሥልጣኑ ይያዝ። ታዲያ ለኩባንያው ምን ቀረለት? ለሰው ኃይል አቅራቢነት ብቻ ጨረታ ማውጣት ምን ጥቅም አለው? ተሳፋሪ ለማብዛት የሚያነሳሳው ነገር ምንድን ነው?

---

ሐዲድ_ተከታይ

ለኩባንያው የቀረለት ባቡሩን በሰዓቱ ማድረስ፣ ንጹሕ አድርጎ መያዝ፣ ሠራተኛውን በአግባቡ መምራት ነው። ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ኦቨርግራውንድ የተባለው የለንደን የከተማ ባቡር ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የቲኬቱ ገቢ በዋናነት ወደ ለንደን የትራንስፖርት ባለሥልጣን ይሄዳል፤ ኩባንያው የተወሰነ ክፍያ ይቀበላል፣ ሲዘገይ ይቀነስበታል፣ ሲያሻሽል ይጨመርለታል። ተሳፋሪው ሲበዛ ተጨማሪ ባቡር የሚያዝዘው ባለሥልጣኑ ነው። ኩባንያው ሊቆጣጠረው በማይችለው የኢኮኖሚ ውድቀት እንዲከስር ማድረግ ማንንም አይጠቅምም፤ አቤሊዮ ላይ ያየነው ይህንን ነው።

---

የውል_ጉዳይ

ፉርጎ_ሰባት የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሙሉ መልሱም በውሉ ርዝመት ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል። ባለሥልጣኑ ንብረቱን ሁሉ ከያዘ አጭር ውል ይበቃል። ኩባንያው ባቡር እንዲገዛ ከተፈለገ የገዛውን እስኪመልስ ረጅም ዘመን ይጠይቃል፤ ያኔ ደግሞ ማሰናበት ይከብዳል።

ውል የሚያረቅቅ ሰው ይህን ክር ካነበበ አንድ አንቀጽ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ኩባንያው ቢወጣ ወይም ቢከስር ባለሥልጣኑ በማግስቱ ራሱ ገብቶ የመንዳት መብት እንዲኖረው፤ ለዚህም የደኅንነት ምስክር ወረቀት ያለውና ጥቂት ዋና ባለሙያዎችን የያዘ የራሱ ድርጅት አስቀድሞ እንዲያቋቁም። በብሪታንያ ይህ የመጨረሻ አማራጭ ኦፕሬተር ይባላል፤ በ2009 የምሥራቅ ጠረፉን መስመር፣ በ2020 የሰሜኑን የተረከበው እንዲህ ያለ ድርጅት ነው።

---

የማለዳ_ተሳፋሪ

የውል_ጉዳይ፣ እንዲህ ያለው ድርጅት ሥራ በሌለው ጊዜ ወጪውን ማን ይችላል? የእኛ ታሪፍ ላይ ይጨመራል?

---

የውል_ጉዳይ

ባለሥልጣኑ ከበጀቱ ይችላል። ትልቅ ድርጅት መሆን የለበትም፤ ውሉን የሚከታተሉት መሐንዲሶችና የገንዘብ ባለሙያዎች ራሳቸው የዚያ ድርጅት አስኳል ሊሆኑ ይችላሉ። አሽከርካሪዎቹና ቴክኒሻኖቹ የጣቢያ_ባልደረባ ባሉት የመሻገሪያ አንቀጽ አብረው ይመጣሉ። በታሪፉ ላይ የሚጨመር ምክንያት አይታየኝም፤ ታሪፉን የሚያወጣውም ያው ባለሥልጣን ነውና እሱን መጠየቅ ትችላላችሁ።